የነጋዴ ወኪልና የአደራ ሕግ በእስልምና ታሪክ

ከቤቱ ርቆ ለመነገድ የፈለገ ሰው ሁሉ ከጥንት ዘመን ጀምሮ አንድ ችግር ሲገጥመው ኖሯል። ገንዘቡና ዕቃው ወደ ሩቅ አገር መሄድ አለባቸው፤ እርሱ ራሱ ግን ዕድሜው፥ ጤናው ወይም ሌላው ሥራው ስለማይፈቅድለት አብሯቸው ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ዕቃውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ግድ ይሆንበታል። ያም ሰው ባሕር ተሻግሮ ወይም በረሓ አቋርጦ ከሄደ በኋላ ዕቃውን በስንትና ለማን እንደ ሸጠ፥ ከትርፉም ምን ያህሉን ለራሱ እንዳስቀረ ባለገንዘቡ በዓይኑ ሊያይ አይችልም። ከአንድ ዓመት በኋላ ባዶ እጁን ተመልሶ ወንበዴ ዘረፈኝ ወይም መርከቤ ሰጠመ ቢለው እውነቱን ከሐሰቱ በምን ይለያል? የአገራችን ሰው «ሰው ያመነ፥ ጉም የዘገነ» ሲል የመሰለው ይህን የመሰለውን ሥጋት ነው።

ሆኖም ሰውን ፈጽሞ ሳያምኑ ንግድ አይሆንም። ዕቃዬን ለማንም አልሰጥም የሚል ሰው ንግዱ ከመንደሩ ገበያ አያልፍም፤ ሁሉንም አምናለሁ የሚል ደግሞ ሀብቱ ሳይውል ሳያድር ይባክናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድ ለማበጀት በልዩ ልዩ አገር የኖሩ የሕግ ዐዋቂዎች ብዙ ደክመዋል። ከእነርሱም መካከል የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ያበጁት ሥርዓት ከስፔን እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ ይካሄድ ለነበረው ንግድ ለብዙ መቶ ዓመታት መሠረት ሆኖ አገልግሏል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ታሪክ ስንመረምር የምንከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በወኪል እጅ ያለ ዕቃ ሲጠፋ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? የሚለው ነው። የወኪልን ግዴታ ሁሉ የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን። ሌላ ካልተገለጠ በቀር በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ወኪል የሚለው ቃል ለእኛም ለዐረቦችም የጋራ ነው። በግዕዝ ተወከለ ማለት ታመነ፥ ተስፋውን በሌላው ላይ ጣለ ማለት ሲሆን፥ የዐረብኛውም ቃል ከዚሁ ከሴማውያን ቋንቋዎች የጋራ ሥር የበቀለ ነው። የእስልምና ሕግ ዐዋቂዎች በወኪል እጅ ያለውን ገንዘብ «አማና» ይሉታል፤ ይህም በእኛ አነጋገር አደራ ማለት ነው፤ ሥሩም አመነ ከሚለው ቃላችን ጋር አንድ ነው። በገበያችን በየቀኑ የምንሰማው ደላላ የሚለው ቃል ደግሞ በቀጥታ ከዐረብኛ የመጣ ነው። እንግዲህ የምንናገርለት ጉዳይ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም፥ ቃሎቹ ከቤታችን ገብተው የቈዩ ናቸው።

በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መካ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ምድሯ ደረቅና እህል የማያበቅል ስለ ሆነ ሕዝቧ የሚኖረው በሲራራ ንግድ ነበር። የከተማዪቱ ገዢዎች የነበሩት የቁረይሽ ነገድ ሰዎች በክረምትና በበጋ በየመንና በሻም፥ ማለት በሶርያ በኩል፥ የግመል ሲራራ ይልኩ ነበር። ሁሉም ከሲራራው ጋር ሊሄድ ስለማይችል ባለገንዘቦች ዕቃቸውን ለሚሄደው ሰው ይሰጡና ትርፉን ይካፈሉ ነበር። ኸዲጃ የተባለችው ባለጸጋ ነጋዴ ሴት ከእነዚህ ባለገንዘቦች አንዷ ነበረች። የነቢዩ ሙሐመድ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ እርሷ የወጣቱን የሙሐመድን ቃል እውነተኛነትና ታማኝነት ሰምታ፥ መይሰራ ከሚባለው አገልጋይዋ ጋር ዕቃዋን ይዞ ወደ ሻም እንዲሄድላት ጠየቀችው። ይህም የሆነው በ595 ገደማ ነው። ከትርፍ ጋር ተመለሰ፤ በኋላም ተጋቡ። የመካ ሰዎች «አል-አሚን»፥ ማለት ታማኙ፥ ይሉት እንደ ነበረ ይነገራል። ስለዚህ የሃይማኖቱ መሥራች ራሱ በወጣትነቱ የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ የሄደ የንግድ ወኪል ነበረ ማለት ነው። ይህ ታሪክ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ስለ ወኪል ጉዳይ በትጋት ለመመርመራቸው አንዱ ምክንያት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እስልምና ከተመሠረተ በኋላ ይህ የመካ ነጋዴዎች ልማድ አልተሻረም፤ ነገር ግን ሥርዓት ተሠራለት። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፉ በዱቤ የሚደረግ ውል ሁሉ በታማኝ ጸሐፊ እንዲጻፍና ምስክሮች እንዲቆሙለት ያዝዛል። ወዲያውም ሰዎች በመንገድ ላይ ሆነው ጸሐፊ ያጡ እንደ ሆነ፥ መያዣ መቀበል እንደሚቻል፥ እርስ በርስ ከተማመኑ ግን የታመነው ሰው አደራውን መመለስ እንደሚገባው ይደነግጋል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን መቆማቸውን አንባቢ ያስተውል፤ አንደኛው ጽሑፍና ምስክር ነው፤ ሁለተኛው የሰው ኅሊና ነው። የኋላዎቹ ሊቃውንት ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከነቢዩ ዘመን ከተላለፉት ትረካዎችም ስለ ወኪል ጉዳይ የሚጠቀሱ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ዑርዋ ስለሚባል ሰው የሚተረከው ነው። ነቢዩ በግ እንዲገዛለት አንድ ዲናር ሰጠው። ዑርዋም በገበያ ብልኅነቱ ባንዱ ዲናር ሁለት በጎች ገዛ፤ አንዱን በግ ባንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞ ተመለሰ። ነቢዩም መረቀው ይባላል። የሕግ ሊቃውንት ከዚህ ከትንሹ ታሪክ ብዙ ነገር አውጥተዋል። በመጀመሪያ፥ ወኪሉ በብልኅነቱ ያገኘው ትርፍ የራሱ ሳይሆን የላኪው መሆኑን ተገነዘቡ፤ ዑርዋ ዲናሩን ወደ ኪሱ ሊጨምረው ይችል ነበርና። ሁለተኛም፥ ወኪል ከታዘዘው አልፎ ለላኪው የሚጠቅም ነገር ቢሠራ ሥራው ይጸናል ወይስ አይጸናም? በሚለው ተከራከሩ። አንዳንዶቹ ባለገንዘቡ ካጸደቀው ይጸናል አሉ፤ ሌሎቹ ግን ያልተፈቀደለት ሰው የሸጠው ሽያጭ ከመጀመሪያው ፈራሽ ነው ብለው ተቃወሙ።

ሌላው ትረካ ስለ ደላሎች ነው። የከተማ ሰው ከገጠር ለመጣ ሰው ዕቃውን እንዳይሸጥለት፥ ሲራራ ወደ ገበያ ሳይደርስም መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበል እንዳይፈቀድ ተከልክሏል። ኢብን ዐባስ የተባለው የነቢዩ ዘመድ የመጀመሪያውን ክልከላ ትርጓሜ በተጠየቀ ጊዜ፥ የከተማው ሰው ለገጠሬው ደላላ አይሁን ማለት ነው ሲል እንዳስረዳ ይነገራል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ከሩቅ የመጣው ባለ ዕቃ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ በመንገድ ላይ ከተገናኙት ይታለላል፤ ደላላው ዕቃውን ይዞ ዋጋ እስኪወደድ ድረስ ከደበቀው ደግሞ ገዢው ሕዝብ ይጐዳል። እንግዲህ የሕጉ ሐሳብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወኪሉ ለላከው ብቻ ሳይሆን ለገበያውም ግዴታ እንዳለበት የሚያስረዳ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ታሪክ ማሊክ ኢብን አነስ (በ795 ያረፈው የመዲና ሊቅ) «ሙወጠእ» በተባለው መጽሐፉ ያቈየው ነው። በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ዘመን፥ ማለት ከ634 እስከ 644 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ዐብዱላህና ዑበይዱላህ የተባሉት የኸሊፋው ልጆች ከጦር ጋር ወደ ኢራቅ ዘምተው ነበር። ሲመለሱ የበስራ አገረ ገዢ አቡ ሙሳ በደስታ ተቀበላቸውና ሊጠቅማቸው ፈለገ። ወደ መዲና የሚላክ የመንግሥት ገንዘብ በእጁ ስለ ነበረ ለእነርሱ አበደራቸው፤ በገንዘቡም የኢራቅ ዕቃ ገዝተው በመዲና እንዲሸጡ፥ ዋናውን ለአባታቸው እንዲያስረክቡ፥ ትርፉን ግን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ነገራቸው። እነርሱም እንደ ተባሉት አደረጉና አተረፉ።

ዑመር ነገሩን በሰማ ጊዜ፥ አገረ ገዢው ለሠራዊቱ ሁሉ እንደዚሁ አበድሮ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ለሌላ አለመስጠቱን ሲነግሩት፥ የተሰጣቸው የኸሊፋ ልጆች ስለ ሆኑ ብቻ መሆኑን ተረድቶ ዋናውንም ትርፉንም ወደ ግምጃ ቤት እንዲያገቡ አዘዘ። ዐብዱላህ ዝም አለ። ዑበይዱላህ ግን ተከራከረ፤ ገንዘቡ ጐድሎ ወይም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ከፋዮቹ እኛ ነበርን፤ ስለዚህ ትርፉ የእኛ መሆን ይገባዋል አለ። ዑመር ትእዛዙን ደገመ፤ ልጁም ክርክሩን ደገመ። በዚህ ጊዜ በጉባኤው ከነበሩት አንዱ፥ ነገሩን የቂራድ ውል ብታደርገውስ ሲል አሳሰበ። ዑመርም ምክሩን ተቀብሎ ዋናውንና የትርፉን እኩሌታ ለመንግሥት ወሰደ፤ የቀረውን እኩሌታ ልጆቹ ተካፈሉት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአባትና የልጅ ክርክር ብቻ አይደለም ያለው። ዑመር ያየው በሥልጣን የተገኘ ጥቅም ንጹሕ አለመሆኑን ነው፤ ዑበይዱላህ ያየው ደግሞ አደጋውን የተሸከመ ሰው ትርፉን የማግኘት መብት እንዳለው ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተገኘው ፍርድ በሁለቱ እውነቶች መካከል የቆመ ነበር፤ ሊቃውንቱም የቂራድን ውል ሲያብራሩ ይህን ፍርድ እንደ ጥንታዊ ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል።

ቂራድ፥ በኢራቅ ሊቃውንት አጠራር ሙዳረባ፥ የሚባለው ውል አንዱ ገንዘብ ሌላው ድካም የሚያዋጡበት ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት ዓይነት የውክልና ሥራዎች ነበሩ። አንዱ ነጋዴ ለነጋዴ ወዳጁ ያለ ክፍያ ዕቃ አድርሶ የሚሸጥበት ሲሆን «ቢዳዓ» ይባላል፤ ሌላው በደመወዝ ወይም ያለ ደመወዝ የሚደረገው ተራው ውክልና ነው። በቂራድ ግን ወኪሉ ከትርፉ ድርሻ አለው። ድርሻው እኩሌታ ወይም ሢሶ ተብሎ በክፍልፋይ መወሰን አለበት እንጂ፥ ይህን ያህል ዲናር ተብሎ ቢቈረጥ ውሉ ይበላሻል፤ ትርፉ ያን ያህል ባይደርስ ለአንደኛው ምንም አይቀርለትምና። ኪሳራ የደረሰ እንደ ሆነ ባለገንዘቡ ገንዘቡን ያጣል፤ ወኪሉም ድካሙን ያጣል፤ ዕዳ ግን አይከፍልም።

በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በመካከለኛው እስያ ይኖር የነበረው ሊቅ ሰረኽሲ የዚህን ውል ጥቅም ሲያስረዳ፥ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ የንግድ ዘዴ እንደማያውቅ፥ የንግድ ዘዴ የሚያውቀው ሁሉ ደግሞ ገንዘብ እንደሌለው ገልጦ፥ ሁለቱም አንዳቸው ያለ ሌላው እንደማይሆንላቸው ጽፏል። የሐነፊ ሊቃውንት የወኪሉን ጠባይ በደረጃ ሲከፍሉትም ያስደንቃል። ገንዘቡን ሲቀበል ባለ አደራ ነው፤ ሲነግድበት ወኪል ነው፤ ሲያተርፍ ሸሪክ ነው፤ ከታዘዘው ሲያልፍ ግን እንደ ቀማኛ ይቈጠራል። ያው ሰው፥ ያው ገንዘብ ነው፤ የሚለወጠው ሥራው ነው፤ ሕጉም ሥራውን ተከትሎ ይለወጥበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን ደረስን። ሊቃውንቱ ሰው የሌላውን ንብረት የሚይዝበትን ሁኔታ በሁለት ከፈሉት፤ አንደኛው የአደራ እጅ፥ ሁለተኛው የዋስትና እጅ ይባላል። ቀማኛ እጁ የዋስትና እጅ ስለ ሆነ ንብረቱ በምንም ምክንያት ቢጠፋ ይከፍላል። ባለ አደራ ግን ዕቃው ያለ ጥፋቱ፥ በእሳት፥ በማዕበል ወይም በዘራፊ፥ ቢጠፋበት አይከፍልም። የሚከፍለው ከሁለት ነገሮች አንዱን ሲያደርግ ብቻ ነው፤ ይኸውም የታዘዘውን ሲተላለፍ፥ ወይም ታማኝ ሰው ለራሱ ንብረት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሲያጐድል ነው። የንግድ ወኪልን ከዚህ ከባለ አደራው ወገን መደቡት። ዕቃው ያለ ጥፋቴ ጠፋ ባለ ጊዜም፥ ሐሰተኛነቱ በማስረጃ ካልተገለጠ በቀር፥ በመሐላ ቃሉ እንዲታመን ወሰኑለት።

ይህ ፍርድ ላንዳንድ ሰው የዋህነት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በጥልቅ ስናስበው ሌላ መንገድ አለመኖሩን እንረዳለን። ወኪል ሁልጊዜ ይከፍላል የሚል ሕግ ቢኖር ወኪል ለመሆን የሚደፍር ድኻ አይገኝም ነበር፤ ባለጸጋውም ቢሆን የሰው ዕቃ ይዞ ወደ ባሕር አይወጣም ነበር። ወኪል ምንጊዜም አይከፍልም ቢባል ደግሞ ገንዘቡን የሚሰጥ አይገኝም ነበር። ሊቃውንቱ ዕድለ ቢሱን ከከዳተኛው ለዩ፤ የመጀመሪያውን ማሩ፤ ሁለተኛውን አስከፈሉ። ሕጉ ወኪሉን ከዚህ ከባድ ሸክም ነጻ ካወጣው በኋላ ግን ሌሎች ብዙ ግዴታዎች ጫነበት። ቃሉ በመሐላ የሚታመንለት ሰው የሚታመን ቃል ሊኖረው ይገባዋልና።

ከእነዚህ ግዴታዎች ዋና ዋናዎቹን እንመልከት። የመጀመሪያው በተሰጠው ትእዛዝ ወሰን ውስጥ መቆየት ነው። የነቢዩ አጐት ዐባስ ገንዘቡን ለነጋዴ ሲሰጥ፥ በባሕር እንዳይሄድበት፥ በሸለቆ ውስጥ እንዳያሳድረው፥ ሕይወት ያለው እንስሳም እንዳይገዛበት ያስጠነቅቅ እንደ ነበር በሕግ መጻሕፍት ይተረካል። ባሕር ያሰጥማል፤ ሸለቆ ጐርፍ ይወርደዋል፤ እንስሳ ይሞታል። ወኪሉ ከእነዚህ አንዱን ጥሶ ዕቃው ቢጠፋ የአደራ እጁ ወደ ዋስትና እጅ ይለወጥና ሙሉውን ይከፍላል።

ሁለተኛው ግዴታ ለራሱ አለመሸጥ ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ እንዲሸጥ የተሰጠውን ዕቃ ወኪሉ ራሱ ሊገዛው አይችልም። ሻጭ ዋጋው ከፍ እንዲል፥ ገዢ ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሁለቱንም በእውነት ሊፈልግ አይችልም። ሦስተኛው የላኪውን ገንዘብ ያለ ፈቃድ ከራሱ ገንዘብ ጋር አለመቀላቀል ነው፤ አራተኛውም ሥራውን ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው አሳልፎ አለመስጠት ነው፤ ባለገንዘቡ ያመነው እርሱን እንጂ የእርሱን ወዳጅ አይደለምና። አምስተኛው ስለ ወጭ ነው። በሐነፊ ሊቃውንት አስተያየት የቂራድ ወኪል በመንገድ ላይ ሳለ ምግቡንና መጓጓዣውን በልማድ መጠን ከገንዘቡ ያወጣል፤ በገዛ አገሩ ተቀምጦ ሲነግድ ግን ከገንዘቡ አይበላም።

ስለ ዋጋ ጉዳይ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። ዋጋ ሳይወሰንለት ሽጥ የተባለ ወኪል በጣም ርካሽ ዋጋ ቢሸጥ ምን ይባላል? አቡ ሐኒፋ ትእዛዙ ልቅ ስለ ሆነ ሽያጩ ይጸናል አለ። ሁለቱ ታላላቅ ደቀ መዛሙርቱ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ከመምህራቸው ተለይተው፥ ትእዛዙ ልቅ ቢሆንም የነጋዴ ልማድ ያስረዋልና ገበያው ከሚያውቀው ዋጋ ብዙ ዝቅ ብሎ ሊሸጥ አይችልም አሉ። መምህሩ የቃሉን ስፋት ተመለከተ፤ ደቀ መዛሙርቱ ደግሞ የሰጪውን አሳብ ተመለከቱ። ዕቃውን ሽጥልኝ የሚል ሰው ጣልልኝ ማለቱ እንዳልሆነ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የደቀ መዛሙርቱ ነገር ለእኛ የበለጠ ተስማሚ ሆኖ ይታየናል።

ሆኖም አቡ ሐኒፋ ለነጋዴ ኅሊና የተዝናና ሰው ነበር ተብሎ እንዳይታሰብ። በ767 ያረፈው ይህ ሊቅ በኩፋ ከተማ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሐፍስ ለሚባል የንግድ ሸሪኩ ጨርቅ ልኮለት፥ ከመካከሉ ባንዱ ላይ ጉድለት ስላለ ሲሸጥ ለገዢው እንዲገልጥ እንዳሳሰበው ይተረካል። ሸሪኩም ረስቶ ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን በሰማ ጊዜ የዚያን ዕቃ ዋጋ በሙሉ ለድኾች መጸወተው ይባላል። ከዚህ የምንማረው፥ ሕጉ ወኪሉን የሚከስበት ቦታ በጠበበበት እንኳ ኅሊና ሰፊ ቦታ እንደ ነበረው ነው።

ደግሞም ሊቃውንቱ የጊዜውን ለውጥ ሳያዩ ባንድ ቃል ብቻ አልጸኑም። በመሠረቱ ጨርቅ የሚቀባውና ልብስ የሚሰፋው ሠራተኛም ባለ አደራ ስለ ሆነ ያለ ጥፋቱ መክፈል የለበትም ነበር። ነገር ግን ከተሞች በሰፉና ሠራተኞች የብዙ ሰው ዕቃ እየተቀበሉ ጠፋ ማለትን ባበዙ ጊዜ፥ አራተኛው ኸሊፋ ዐሊ እንዲከፍሉ ፈረደባቸው፤ ሕዝቡን ከዚህ በቀር የሚያስተካክለው ነገር የለም ማለቱም ይነገራል። የማሊክ ተከታዮች ይህን ፍርድ ያዙ፤ አቡ ሐኒፋ ግን በቀድሞው መሠረት ጸና፤ ደቀ መዛሙርቱ ደግሞ ሠራተኛው ሊጠነቀቅለት ይችል ለነበረው ጥፋት ይከፍላል፥ እንደ ታላቅ እሳት ላለው አደጋ ግን አይከፍልም ብለው መካከለኛ መንገድ አበጁ። እንግዲህ ለሰው የሚሰጠው እምነት የማይለወጥ ሕግ አልነበረም፤ ሰዎች ሲያጐድሉት የሚጠብብ ነበር።

በገበያ ውስጥ የሚውሉት ደላሎች ደግሞ የበለጠ ቁጥጥር ነበረባቸው። በየከተማው «ሙሕተሲብ» የሚባል የገበያ ሹም ሚዛንን፥ መስፈሪያንና የዕቃን ጥራት ይመረምር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት በሶርያ ይኖር የነበረው ሸይዘሪ ለእነዚህ ሹሞች በጻፈው መመሪያ ውስጥ ስለ ደላሎች አንድ ክፍል መድቧል። ደላሎች የሰው ዕቃ በእጃቸው ስለሚገባ የታወቁ ታማኞች መሆን እንዳለባቸው፥ ባለ ዕቃው ሳያውቅ ከራሳቸው ዋጋ እንዳይጨምሩ፥ ከጨርቅ ነጋዴው ጋር በስውር እንዳይሻረኩ፥ ያልተፈቀደላቸውንም ዋጋ እንዳይቀበሉ ያስጠነቅቃል። ሳይገዙ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ መጫረትም አስቀድሞ በሃይማኖቱ ሕግ የተከለከለ ነበር። መመሪያው ይህን ሁሉ ዘርዝሮ መከልከሉ፥ በገበያው ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያደርጉ ሰዎች እንደ ነበሩ ያስረዳናል፤ ማንም ያልሠራውን በደል ሹም አይከለክልምና።

ይህ ሕግ በመጽሐፍ ብቻ የተጻፈ ነበር ወይስ በእውነት ሰዎች ሠርተውበታል? ለዚህ ጥያቄ ታላቅ ምስክር የተገኘው ከአንድ የአይሁድ ምኵራብ ነው። በጥንታዊቱ ካይሮ፥ በፉስጣጥ፥ የኖሩ አይሁድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበትን ወረቀት መጣል ስለማይወዱ ያረጁ ጽሑፎቻቸውን በቤን ዕዝራ ምኵራብ ውስጥ በአንድ ክፍል ያከማቹ ነበር። ከዚህ ክምችት አብዛኛውን በ1896 እና በ1897 ሰሎሞን ሼክተር የተባለው ሊቅ ወደ ካምብሪጅ ወሰደው። በኋላም ጎይታይን የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ ከ1967 እስከ 1988 በታተሙ አምስት ቅጾች የሜዲትራንያን ነጋዴዎችን ኑሮ ገልጧል።

ከእነዚህ ደብዳቤዎች እንደምንረዳው፥ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በግብፅ፥ በቱኒስና በሲሲሊ ይነግዱ የነበሩት አይሁድ አንዱ የሌላውን ዕቃ እየተቀበለ ይሸጥ፥ ሒሳቡንም በደብዳቤ ይልክ ነበር። የራሳቸው ሃይማኖት ሕግ የሽርክና ውል ቢኖረውም፥ በእስልምናው የቂራድ ውልም ይጠቀሙ ነበር፤ ኪሳራውን በባለገንዘቡ ላይ ብቻ የሚጥለው ውል ለሩቅ ንግድ ስለሚስማማ ነው። ይህን ሥራ ያቆመው ምን እንደ ሆነ የዘመናችን ሊቃውንት ይከራከራሉ። አቭነር ግራይፍ በ1989 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከዳተኛ ወኪልን ነጋዴዎች ሁሉ በአንድነት ስለሚርቁት ክፉ ስም መፍራት ታማኝነትን ይጠብቅ ነበር አለ። ኤድዋርድስና ኦጊልቪ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን በ2012፥ ነጋዴዎቹ ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበረ በማስረዳት ተቃወሙት። እኛ እንደሚመስለን ስምና ዳኛ አንዱ ሌላውን የሚደግፍ ነው፤ ስም በሌለበት ቦታ ዳኛ ብቻውን አይበቃም፤ ዳኛ በሌለበትም ስም ቶሎ ይረሳል።

የወኪል ሥራ እየሰፋ ሲሄድ በየወደቡ «የነጋዴዎች ወኪል» የሚባል የታወቀ ሰው ይገኝ ጀመር። እርሱም የሩቅ ነጋዴዎችን ዕቃ በመጋዘኑ ይጠብቅ፥ ገንዘባቸውን ይቀበል፥ በዳኛም ፊት ስለ እነርሱ ይቆም ነበር። ዕቃው የሚቀመጥበትና ነጋዴዎቹ የሚያድሩበት ቤትም በግብፅ ከዚሁ ቃል ወጥቶ «ወካላ» ተባለ። የማምሉኩ ሱልጣን አል-ጉሪ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ያሠራው ወካላ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከዚያም የኦቶማን መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 ባወጣው «መጀሌ» በተባለው ባለ 1851 አንቀጽ ሕግ ውስጥ ስለ አደራ፥ ስለ ሽርክናና ስለ ውክልና የተጻፉት ክፍሎች የጥንቶቹን የሐነፊ ሊቃውንት ፍርድ በአንቀጽ ያስቀመጡ ናቸው። መጀሌ በቱርክ እስከ 1926፥ በዮርዳኖስ እስከ 1976 ሲሠራበት ቈይቷል።

ይህ ታሪክ አገራችንንም ይነካል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወደ ምጽዋና ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረውን የሲራራ ንግድ በብዛት የያዙት ሙስሊሞች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚህም ሌላ፥ ለዘመናት የአገራችን የሕግ መጽሐፍ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ የተዘጋጀ ሲሆን፥ ስለ አደራ፥ ስለ ውክልናና ስለ ማኅበር የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። መጽሐፉን የመረመሩ ሊቃውንት፥ በሥጋዊው ክፍል ያሉት አንዳንድ የንግድ ሕጎች በዚያ ዘመን በግብፅ ይሠራባቸው ከነበሩት የእስልምና ሕግ መጻሕፍት ጋር የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አመልክተዋል። በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ምንጩ ሌላ ቢሆንም፥ ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን፥ ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው የግል ጥቅም እንዳያገኝ፥ ስለ ሥራውም ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዝዘዋል። በልዩ ልዩ መንገድ የሄዱ ሕግ ሠሪዎች ወደ አንድ ቦታ መድረሳቸው የነገሩን እውነተኛነት ያጸናል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ነው። የጥንቶቹ ሊቃውንት ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ብለው አልተታለሉም፤ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለውም አልተስፋ ቈረጡም። ባሕሩ ለወሰደው ወኪሉን ማሩት፤ እጁ ለወሰደው ግን አስከፈሉት፤ በሁለቱም መካከል ጽሑፍን፥ ምስክርን፥ መሐላንና የገበያ ሹምን አቆሙ። የሌላው ሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሁሉ፥ ነጋዴም ይሁን ደላላ፥ ገንዘብ ያዥም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፥ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ያለ ጥፋቱ ስለ ጐደለው አይጠየቅም፤ ነገር ግን ጥፋት የሌለበት መሆኑን ሲናገር ቃሉን የሚያስከብርለት ቀድሞ የኖረበት እውነተኛነት ነው። አደራ የሚጠበቀው ከዳኛ ፊት ከመቆም በፊት ነው።